ኢንዲ 500 የፈረንጅ ብቻ አይደለም

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ኢንዲያናፖሊስ የምንኖር ሐበሾች በተሰበሰብንባቸው ግሩፖች ውስጥ አንድ ዓይነት መልእክት መዞር ይጀምራል። «እሑድ በ16ኛው ጎዳና በኩል እንዳትመጡ፣ መንገዱ ዝግ ነው።» «ሥራ ያለው በጠዋት ይውጣ።» «የፈረንጆቹ የመኪና እሽቅድምድም ነው፣ እስከ ማታ ትራፊኩ አይለቅም።» በቃ። በአንድ ቀን ከሚደረጉ የዓለም ስፖርቶች ሁሉ ብዙ ሰው ይሰበሰብበታል የሚባልለት፣ ከ1911 ጀምሮ የኖረ ውድድር ለእኛ የመንገድ መዘጋት ማስታወቂያ ሆኖ ቀርቷል።

እኔ በዚህ አልስማማም፤ የዛሬው ጽሑፌም ክርክር ነው። በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር መጥቼ ያደግኩት ከትራኩ ብዙም በማይርቅ የምዕራብ ኢንዲያናፖሊስ ሰፈር ነው። ልምምድ ሲጀመር የሞተሮቹ ድምፅ እስከ ቤታችን ይመጣል። ያንን ድምፅ በየዓመቱ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ዓመቱ የሚለወጥልኝ በእንቁጣጣሽ ሳይሆን በዚያ ድምፅ ነው ብል እናቴ ትቆጣኛለች፣ ግን እውነቱ ያ ነው። ስለዚህ ገለልተኛ እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ለአዲስ አበባ፣ ለዲሲና ለቴል አቪቭ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ኢንዲያናፖሊስ 500 ማለት 33 መኪኖች ሦስት ሦስት ሆነው ተሰልፈው ይነሱና 4 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሞላላ ትራክ 200 ጊዜ ይዞሩታል። ድምሩ 500 ማይል ነው፤ 805 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚያደርስ መንገድ በሉት። በ1911 የመጀመሪያውን ያሸነፈው ሬይ ሃሩን ይህን ለመጨረስ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቶበታል። የዛሬዎቹ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃቸዋል። ቀኑ ከሜሞሪያል ዴይ፣ አሜሪካኖች በጦርነት የወደቁባቸውን ከሚያስቡበት ሰኞ፣ ዋዜማ ያለው እሑድ ነው። ትራኩ የሚገኘው ደግሞ በኢንዲያናፖሊስ በተከበበች፣ የራሷ አስተዳደር ባላት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የከተማዋ ስም ስፒድዌይ ይባላል። ቀልድ አይደለም፤ ስሟ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። «የፈረንጅ ነው» የሚለው ወሬ ከየትም አልመጣም፤ ለረጅም ዘመን ሐቅ ነበር። ውድድሩን ያስተዳድር የነበረው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ጥቁር አሽከርካሪ አያስገባም ነበር። ሴቶችም እስከ 1971 ድረስ መኪኖቹ ወደሚጠገኑበት ግቢ እንኳ መግባት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ጃኔት ገትሪ የመጀመሪያዋ ሴት ተወዳዳሪ የሆነችው በ1977 ነው። ይህን እያወቀ ዝም ብሎ «የከተማችን ወግ» እያለ የሚያጨበጭብ ሰው እኔንም ደስ አይለኝም።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አይቆምም፤ እኛ የማናውቀው ግማሹን ነው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን አጠገባችን ይኖሩ ከነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነው። በ1924 የዚህ ከተማ ጥቁሮች «አታስገቡንም? እንግዲያው የራሳችንን እናደርጋለን» ብለው የራሳቸውን ውድድር አቋቋሙ። ስሙ ጎልድ ኤንድ ግሎሪ ይባላል። የሚካሄደው የግዛቲቱ ዐውደ ርእይ በሚደረግበት ሜዳ፣ አንድ ማይል በሆነ የአፈር ትራክ ላይ ነበር፤ ርቀቱ 100 ማይል። የዚያ ውድድር ንጉሥ ቻርሊ ዊጊንስ የሚባል የኢንዲያናፖሊስ መካኒክ ነው። መኪናውን በገዛ እጁ እየሠራ አራት ጊዜ አሸነፈ፤ በ1926፣ ከዚያም በ1931፣ በ1932 እና በ1933 በተከታታይ። በ1936 በደረሰ ትልቅ ግጭት አንድ እግሩን አጣ። ውድድሩም ከዚያ ዓመት በኋላ አልቀጠለም። ጎረቤታችን በልጅነታቸው አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አቧራውን ያስታውሱ ነበር። «መኪናውን አላየሁትም፣ አቧራውን ነው ያየሁት» ይሉ ነበር እየሳቁ።

እኚህ ሰው ታዲያ ያንን ሁሉ ያውቃሉ፤ ቢሆንም በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ ጓሯቸው ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ትልቁን ውድድር ያዳምጣሉ። ልጅ ሆኜ ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፤ እዚህ ተወልጃለሁ፣ ድምፁ በእኔ ቤት ላይ ነው የሚያልፈው፣ ለእነሱ ብቻ ለምን እተውላቸዋለሁ አሉኝ።

1991ን እንዴት እረሳለሁ? በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 18 ቀን 1983 ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ከወጣ አምስት ቀን ሆኖታል፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ቤታችን በሰው ተሞልቷል። ስልኩ አይያዝም፣ የተያዘለትም ይጮኻል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ይከራከራሉ። ልጅን ማንም አያስታውስም። እኔ በአጥሩ ሾልኬ ወደ ጎረቤታችን ጓሮ ሄድኩ። ያን ቀን ዊሊ ቲ. ሪብስ በዚህ ውድድር ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ተወዳዳሪ ሆኖ ሊነሳ ነው። አዛውንቱ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጠዋል። ጓሮ ውስጥ! ሪብስ አምስት ዙር ሄደ፤ ከዚያ ሞተሩ ከዳው። አለቀ። አዛውንቱ ምንም አላሉም። ሬዲዮኑንም አላጠፉም። ሪክ ሚርስ አራተኛ ድሉን እስኪያገኝ ድረስ አብረን አዳመጥን። ማታ ቤት ስገባ የት እንደነበርኩ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የአገራችን ነገር ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። ሰው ሁለት ነገር ባንድ ቀን ሊሰማ ይችላል ነው የምለው። ወላጆቻችን በዚያ ሳምንት ጆሯቸው አዲስ አበባ ቢሆን የሚፈረድባቸው አልነበረም። እኛ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረንበት፣ ልጆች ወልደንበት፣ ቤት ገዝተንበት አሁንም «የእነሱ ከተማ» ስንል ልጆቻችን ምን ይሰማሉ?

«ወግ ማለት የተወለዱበት ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ የዚህን ውድድር ወጎች አንድ በአንድ እንያቸው፤ አብዛኞቹ የእንግዳ ሥራ ናቸው።

በጣም የሚታወቀው ወተቱ ነው። አሸናፊው ወተት ይጠጣል፣ ቀሪውን ራሱ ላይ ያፈሳል። ከየት መጣ? ሉዊ ሜየር በ1936 ሦስተኛ ድሉን ሲያገኝ የጠጣው ወተት አልነበረም፤ አሬራ ነበር! አዎ፣ የእኛው አሬራ፣ ቅቤ ከወጣ በኋላ የሚቀረው። እናቱ በሙቀት ቀን ጥም ይቆርጣል ብላ አስለምዳዋለች። የወተት ንግድ ሰዎች ፎቶውን አይተው ለገበያቸው ሲሉ ገፉበትና ወግ ሆነ። ዛሬ ተወዳዳሪዎቹ ባለ ሙሉ ስብ ነው ወይስ ስቡ የወጣለት የምትፈልጉት ተብለው አስቀድመው ይጠየቃሉ። በ1993 ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ አሸንፎ መጀመሪያ የብርቱካን ጭማቂ ጠጣ፤ ብራዚል ውስጥ የብርቱካን እርሻ ነበረው። ሕዝቡ ጮኸበት። ከዓመታት በኋላም እንኳ በዚያው ትራክ ሲታይ የሚጮኹበት ነበሩ። በወተት ቀልድ የለም። እኔ ግን በልቤ አንድ ሐበሻ አሸንፎ አሬራ ይሰጠኝ ቢል መከልከላቸውን ማየት እፈልጋለሁ፤ ሕጉን ከእነሱ በላይ ያከበረ እሱ ነው።

ጡቡም እንደዚሁ ነው። ትራኩ በ1909 ሲከፈት በተፈጨ ድንጋይና በሬንጅ የተሠራ ነበር፤ ተሰነጣጥቆ ሰው ገደለ። ከዚያ 3.2 ሚሊዮን ጡብ ተነጠፈበት። በኋላ በአስፋልት ሲሸፈን አንድ ያርድ ስፋት ያለው መስመር ብቻ ተተወ። ያሸነፈ ሁሉ ተንበርክኮ ይስመዋል። ይህን የሚያይ ሰው የ1911 ወግ ይመስለዋል። የተጀመረው ግን በ1996 ነው፤ ያውም በሌላ ዓይነት መኪና፣ በናስካር ውድድር፣ ዴል ጃሬት ካሸነፈ በኋላ። የኢንዲ ተወዳዳሪዎች ከእሱ ወሰዱት። አጥር ላይ እየወጣ መጨፈሩን ያመጣው ደግሞ ሌላ ብራዚላዊ፣ አራት ጊዜ ያሸነፈው ኤሊዮ ካስትሮኔቬስ ነው። አሁን የከተማው ልጅ ነው የሚመስለው።

የሁሉ ግን ዘፈኑ ይገርመኛል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ወደ ኢንዲያና መመለስን የሚናፍቅ የቆየ ዘፈን ይዘፈናል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ሲያለቅስ ታያላችሁ። ከ1972 እስከ 2014 አብዛኛውን ዓመት ያንን የዘፈነው ጂም ነበርስ ነው። ነበርስ የአላባማ ሰው ነው። ይኖር የነበረው ሃዋይ ነው። የኢንዲያናን ናፍቆት ለአርባ ዓመት ያህል ያስለቀሰው የኢንዲያና ልጅ አልነበረም! ማንም ደግሞ አንተ ማን ነህ አላለውም።

ይህ ማለት ሁሉም በደስታ ይቀበላል ማለት አይደለም። በ2017 ጃፓናዊው ታኩማ ሳቶ ሲያሸንፍ አንድ የዴንቨር ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊ በሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ጃፓናዊ ማሸነፉ እንደማይመቸው በትዊተር ጻፈ። ጋዜጣው አባረረው። ቀኑ በእኛ ግንቦት 20 ነበር፤ እንደምታውቁት እኛም በዚያ ቀን የማይመቸን ነገር አናጣም። ሳቶ በ2020 እንደገና አሸነፈ። የአሸናፊዎች ፊት በብር ተቀርጾ የሚቀመጥበት ዋንጫ አለ፤ የእሱ ፊት ሁለት ቦታ ነው ያለው።

ከሁሉም ወግ የምወደውን እስካሁን በዝርዝር አላነሣሁትም፤ ሬዲዮውን። ውድድሩ በኢንዲያናፖሊስ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይታይም ነበር ብላችሁ ማን ያምናል? በ1949 እና በ1950 የከተማው ጣቢያ በቀጥታ አስተላልፎት ነበር። ከዚያ የትራኩ ሰዎች «እቤቱ ካየ ቲኬት ማን ይገዛል» ብለው ዘጉት። ከ1986 ጀምሮ መላው አሜሪካ በቀጥታ ሲያይ የተከለከልነው እኛ፣ አጠገቡ ያለነው ነን። ማታ ላይ፣ ውጤቱን ሁሉም ካወቀ በኋላ፣ ይታይልናል። ስለዚህ ከተማው በሬዲዮ መስማትን ለመደ። በዚያ እሑድ ቀትር ላይ በየሰፈሩ ብትዞሩ ከጓሮ ወደ ጓሮ አንድ ድምፅ ነው። ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ስትሄዱ አንድ ቃል አያመልጣችሁም። ሥጋው ይጠበሳል፣ ልጆች በብስክሌት ይሽቀዳደማሉ፣ በየአራተኛው ማዕዘን ላይ ያለው ጋዜጠኛ ተራውን እየተቀበለ መኪኖቹን ያሳልፋል። ዓይን የማያየውን ጆሮ ይሥለዋል።

በ2016 መቶኛው ሲካሄድ ቲኬት ስላለቀ እገዳው ተነሣ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካች ሲካሄድም ተነሣ። በ2025 ደግሞ መቀመጫው ሁሉ ተሽጦ ስላለቀ እንደገና ተነሣ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ አዘኑ፤ «ወጋችን ሞተ» አሉ። እኔ አላዝንም። እገዳው በመሠረቱ ስግብግብነት ነበር። ቲኬት መግዛት ያልቻለች አሮጊት፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ፣ እሑድ የሚሠራ ሰው በገዛ ከተማው የሚደረገውን ከሎስ አንጀለስ ሰው ኋላ እንዲያይ የሚያደርግ ነገር ምን ቁም ነገር አለው? ሕዝቡ ከክልከላው ጥሩ ነገር ሠራበት፤ ምስጋናው ለሕዝቡ ነው እንጂ ለከልካዩ አይደለም። ጓሮውና ሬዲዮው ደግሞ ቴሌቪዥን ስለተከፈተ አይዘጉም። ከቴሌቪዥኑ ድምፅ አጥፍተው ሬዲዮ የሚከፍቱ ቤቶችን አውቃለሁ፤ የእኔም ቤት አንዱ ነው።

እንዲያውም ወጉን ሊገድለው የደረሰው ቴሌቪዥን ሳይሆን የባለቤቶች ጠብ ነው። በ1996 የትራኩ ባለቤቶች የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው ከ33ቱ ቦታ 25ቱን ለዚያ ሊግ ተወዳዳሪዎች ያዙ። ታላላቆቹ ቡድኖች አኩርፈው ሚቺጋን ሄዱና በዚያው ቀን ሌላ ውድድር አደረጉ፤ የተሻልን ነን ያሉትም ገና ሳይጀምሩ እርስ በርስ ተጋጩ። እስከ 2008 ድረስ ስፖርቱ ለሁለት ተከፍሎ ኖረ። በዚያ መካከል ስንቱ ሰው ፊቱን ወደ ናስካር አዞረ። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ነው የሚጎዳው። ያም ሆኖ በእነዚያ ክፉ ዓመታት ሁሉ የስፒድዌይ ነዋሪ ሣሩን አጭዶ መኪና ማስቆሙን አልተወም። ይህ ደግሞ ትልቅ ወግ ነው፤ ሰው የቤቱን ግቢ ለእሑድ ፓርኪንግ ያከራያል። አባቴ በሕይወቱ አንዲት ዙር አይቶ አያውቅም፣ መኪናው ሁሉ አንድ ነው ይላል። ግን ለብዙ ዓመት በአንድ የሥራ ባልደረባው ግቢ ውስጥ ባንዲራ ይዞ መኪና ሲያስገባ ውሏል። ከኦሃዮ፣ ከኢሊኖይ የሚመጡት በስሙ ያውቁት ነበር። «ዘንድሮስ ልጅህ እንዴት ነው?» ይሉታል። ከእኔ ይልቅ የውድድሩ ሰው እሱ ነበር፤ ቢነገረው ግን አያምንም።

«ሰው ይሞትበታል» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ሞቷል፣ ብዙ ሰው ሞቷል። በ1964 ሁለት ተወዳዳሪዎች በእሳት ካለቁ በኋላ ቤንዚን ቀርቶ በአልኮል ነዳጅ ተተካ። በ2002 ግጭትን የሚያለዝብ የብረትና የፎም ግድግዳ ከማንም ቀድሞ እዚህ ተተከለ፤ ከዚያ ሌሎች ትራኮችም ቀዱት። አደጋው ጠፋ አልልም። እሱን የማይወድ ሰው ባይሄድ አልፈርድበትም። እኔ የምፈርደው ሳያውቅ በሚንቀው ላይ ነው።

እንግዲህ ለመምጣት ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ውድድሩ ቀትር ካለፈ በኋላ ስለሚጀመር ቅዳሴ ጠዋት ያስቀደሰ ይደርሳል፣ መንገዱን ካወቀበት። ብዙ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ውስጥ ስለሚውል ጾም የለም። የከተማው ምግብ ከሳሕን የሚተርፍ የአሳማ ጥብስ በዳቦ ነው፤ እሱን ለሚበሉት ተዉላቸውና የራሳችሁን ያዙ፤ ምግብና መጠጥ በበረዶ ሣጥን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ጠርሙስ ግን ክልክል ነው፣ ስለዚህ ብርሌ አይገባም፤ ጠጁን በፕላስቲክ አድርጉት። ትልቁ ውድድር ለከበዳችሁ ወሩ ሲገባ የሚደረገው የግማሽ ማራቶን ሩጫ አለ፤ መንገዱ በትራኩ ውስጥ አንድ ዙር ያስዞራል፣ መቼስ ሩጫ የፈረንጅ ነው አትሉኝም። ፓርኪንግ በሰው ግቢ አድርጉ፤ ወደ ትራኩ በቀረባችሁ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፣ ትንሽ ራቅ ብላችሁ በእግር ሂዱ። ትንሽ ሬዲዮ ከነማዳመጫው ያዙ፣ ያለ እሱ ማን እንደሚመራ አታውቁም። ልጅ ካለ የጆሮ መከላከያ አይረሳ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ትንሹ ስፖንጅ ለሕፃን አይበቃም፣ ሙሉ ጆሮ የሚሸፍነውን ግዙ።